ከኬላው ቤት በስተጀርባ

ከኮምብ ሃሌት መንደራችን ወጣ እንዳላችሁ፣ ወደ ገበያው ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሆዱን ወደ ፊት የገፋ ቤት አለ። ገፋ ስል እያጋነንኩ አይደለም። ሌላው የአውራጃችን የዴቨን ቤት ሁሉ እንደ ጨዋ ሰው ከመንገድ ፈቀቅ ብሎ፣ አጥሩን አጥሮ ሲቆም፣ ይህ ግን ዘጠነኛ ወሯ እንደገባ ሴት ሆዱን አስቀድሞ መንገዱ ላይ ይወጣል። ድርቆሽ የጫነ ጋሪ ግንቡን ሳይቧጭር አልፎት አያውቅም፤ ባለጋሪውም ቤቱን ሳይሰድብ አልፎ አያውቅም።

ያሠሩት የመንገድ ማኅበሩ ጌቶች ናቸው። መንገዱን ጠግነናልና በላዩ የሚያልፍ ሁሉ ይክፈል ብለው ኬላ ተከሉ፤ ለኬላ ጠባቂውም ቤት ሠሩለት። ሆዱ ሦስት ገጽ አለው። አንዱ ገጽ ሽቅብ ወደ መንደሩ ያያል፤ አንዱ ቁልቁል ወደ ገበያው ያያል፤ የመሀሉ በሩ ነው። በሩ ደረጃ የለው፣ ግቢ የለው፤ ከወንበሩ ብድግ ያለ ሰው በሁለት እርምጃ መሀል መንገድ ላይ ነው። ከበሩ በላይ ግንቡ ገባ ተደርጎ ተሠርቶ የቀረጡ ሰሌዳ ተሰቅሎበታል፤ ለፈረስ ይህን ያህል፣ ለጋሪ ይህን ያህል፣ ለሃያ በግ ይህን ያህል እያለ። ጣሪያው ስስ ጥቁር ድንጋይ የለበሰ ነው፤ ጠባቂው ዝናብ ሳይመታው እጁን እንዲዘረጋ ተብሎ ክፈፉ ወደ መንገዱ አለቅጥ ረዝሟል። ጌቶቹ ደግሞ በሠረገላ ሲያልፉ ዓይናቸውን ደስ እንዲለው ብለው መስኮቶቹን አናታቸው ሾል ያለ፣ የቤተክርስቲያን መስኮት አስመስለው አሠሯቸው። አገሩን የማያውቅ መንገደኛ የጸሎት ቤት መስሎት ባርኔጣውን ያወልቅ ነበር። ያን ጊዜ በሩ ይከፈትና ቲርዛ ሞንደር መዳፏን ዘርግታ ብቅ ትላለች።

ቲርዛ አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ዓይኗ የማያርፍ ሴት ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያ ሆድ መሀል ወንበሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። መጀመሪያ ላይ የኬላው ጠባቂ ባሏ ኤይሞስ ነበር ይባላል፤ ይባላል ነው እንጂ ኤይሞስ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጆሮው የማይሰማ፣ እንቅልፍ የሚወድ ሰው ነበር፤ ሥራው ሁሉ የሷ ነው። እሱ ሲሞት ጌቶቹ ቦታውን ለሷ አጸኑላት። ጋሪ እስኪመጣ የገበያ ነጋዴ የሚሰጣትን ጓንት ትሰፋለች። ዓይኗ ግን መርፌው ላይ አይደለም። አንገቷን ቀኝ ስታዞር መንደሩን፣ ግራ ስታዞር ገበያውን ታያለች። እንደዚያ ባለ ቤት ውስጥ ተቀምጣ ወሬኛ ያልሆነች ሴት ካለች እኔ እግሯ ላይ እወድቃለሁ።

«ከየት? ወዴት? ምን ጭነሃል? እናትህ ተሻላት?» ትላለች ለሚያልፈው ሁሉ። ሕጉ የፈቀደላት ሦስተኛውን ጥያቄ ብቻ ነው፤ የቀሩትን በነፃ ነበር የምትጨምረው። ማን ሙሉ ጋሪ ይዞ ወርዶ ባዶ ኪስ ይዞ እንደተመለሰ፣ የማን ልጅ ሐሙስ ሐሙስ አዲስ ቆብ እንደምታደርግና ለማን ብላ እንደሆነ፣ ሐኪሙ ወደ ታች ስንት ጊዜ እንደወረደ፣ ሁሉን ታውቃለች። ያወቀችውንም አታስቀርም። ለቀጣዩ መንገደኛ ከመልሱ ሳንቲም ጋር አብራ ትሰጠዋለች።

ጊዲዮን ላስኮምን ያዋረደችው በዚሁ አመሏ ነው። ጊዲዮን እርሻው ከኬላው ጀርባ ያለ፣ ዝምተኛ፣ እጁ ጠበቅ ያለ ገበሬ ነው። በሕጉ መሠረት ቀብር አይከፍልም፣ እሑድ ቤተክርስቲያን የሚሄድ አይከፍልም፣ ፍግ የጫነ ጋሪም አይከፍልም። ጊዲዮን ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ስድስት ጆንያ ስንዴ ጫነና ከላዩ ፍግ ከመረበት። ቲርዛ ጋሪውን ዞረችው። ፈረሱን አየችው፤ ፈረሱ አልቦታል። ፍግ እንዲህ አይከብድም ብላ የኤይሞስን ከዘራ አምጥታ ወጋ አደረገችው።

«የእግዜር ያለህ!» ብላ ጮኸች፤ ከኋላ አራት ጋሪ ቆሟል። «ኑ እዩ ተአምር! የአቶ ላስኮም ፍግ ስንዴ ወለደ!»

ጊዲዮን ቀረጡንም መቀጮውንም ከፈለ። ያም ሳያንስ ባለወፍጮው ስንዴውን አሽትቶ መለሰው። ይህ ከሆነ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ጊዲዮን አሁን ሳንቲሙን በቲርዛ መዳፍ ላይ እያኖረ ዝም ብሎ ያልፋል። እሷም ስለ ስንዴው ቂም ይዟል እያለች ለሰው ሁሉ ታወራለች፤ ስታወራም ትስቃለች።

የባቡሩ ሐዲድ በገበያው ከተማ ካለፈ በኋላ ግን መንገዱ ሰው እየራቀው ሄደ፤ ማኅበሩም አከሰረኝ አለ። አንድ ማለዳ ለቲርዛ ደብዳቤ መጣላት። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከኅዳር መባቻ ጀምሮ ኬላው ተነሥቷል፤ ቤቱ ለአዋሳኙ ባለመሬት ይሸጣል፤ ባለመሬቱ አልፈልግም ካለ ፈርሶ ድንጋዩ ለመንገድ ጥገና ይውላል ይላል። አዋሳኙ ባለመሬት ማን ይሆን? ራሱ ጊዲዮን ላስኮም።

መንደሩ ግን ደስታውን አልቻለውም። የኅዳር መባቻ ቀን በጠራራ ፀሐይ ጎረምሳው ሁሉ ተሰብስቦ የኬላውን መዝጊያ ከማጠፊያው ነቀለና ሜዳው ላይ አቃጠለው። የፖም ጠጅ በበርሜል ወጣ። ለቲርዛም በኩባያ ቀዱላት፤ ቲርዛም ጠጣች። ቅር አላላትም ማለት ግን አይደለም፤ የገዛ ተዝካሯን የበላች ያህል ተሰምቷታል።

ዕቃ አመላላሹ ኢኖክ ታፐር አጠገቧ መጥቶ ቆመ። ኢኖክ በሳምንት ሁለት ጊዜ በኬላው የሚያልፍ፣ የመንደሩ ሁለተኛ ወሬኛ ነው። «እማማ ሞንደር፣ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ» አላት። «አንቺስ እንዴት ነሽ?»

«ምን የሚበላ ነበር? ሳንቲሙ የጌቶቹ፣ አቧራው የኔ።»

«ወሬውስ? እሱን በልተሽ የለ!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ነገር ብነግርሽ ይሻላል መሰለኝ። ትናንት መጠጥ ቤት ላስኮም ሲናገር ሰምቻለሁ። የኬላው ድንጋይ ለጥጃ ጋጣ የሚሆን ድንጋይ ነው እያለ ነበር።»

ቲርዛ ኩባያውን አስቀመጠች። ፈራች። ዘመድ የላትም፤ ያላት ኤክሰተር ከተማ ከአምስት ልጅ ጋር በሁለት ክፍል የሚኖር የወንድም ልጅ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ የድሆች መጠለያው ነው። እዚያ የገባች አሮጊት ደግሞ በቃሬዛ እንጂ በእግሯ አትወጣም።

«ሄደሽ ለምኚዋ» አላት ኢኖክ።

«እኔ? ሰው ቤት?»

«አንቺ። ሰው ቤት።»

«ሰው ቤት ሄጄ አላውቅም እኮ። ሰው ነው እኔ ጋ የሚመጣው።»

«እንግዲህ መዝጊያውን አቃጥለነዋል እማማ፤ ከዛሬ ወዲያ የሚመጣልሽን እኔ እንጃ!»

ሦስት ቀን ስታቅማማ ቆየች። በአራተኛው ቀን ሰፍታ የጨረሰችውን ጥሩ የወንድ ጓንት በወረቀት ጠቀለለችና ወጣች። የኬላው ቤት በሩ አንድ ነው፤ ወደ ጓሮ የሚሄድ ሰው መንገድ ላይ ወጥቶ ዞሮ ነው የሚሄደው። ቲርዛም ጎመኗን ለመኮትኮት በዞረች ቁጥር ጋሪ ያመልጠኛል ብላ በሩጫ ስለሆነ ቀና ብላ አይታ አታውቅም። ዛሬ የሚያመልጣት ጋሪ የለም። በጊዲዮን መስክ እየተራመደች መሀል ላይ ስትደርስ ዘወር ብላ የገዛ ቤቷን አየችው።

ጀርባው ግንብ ነው። ግንብ ብቻ! መስኮት የለው፣ በር የለው፣ እጅ የምታስገባ ቀዳዳ እንኳ የለው። ጌቶቹ ከጓሮ በኩል ቀረጥ አይመጣም ብለው ለመስኮት የሚሆን ሳንቲም ነፍገውታል። ከፊት ያን ያህል የተሽቀረቀረው ቤት ከኋላ የእስር ቤት ግድግዳ ነው። ግንቡም ፊቱን የሰጠው፣ ወይም ጀርባውን ነው የምለው፣ ለጊዲዮን ላስኮም ቤት ነው።

ጊዲዮን በሩን ሲከፍት ድንች እየላጠ ነበር፤ ቢላዋው እጁ ላይ ነው። ሚስቱ ኬዛያ ከሞተች አምስት ዓመቷ ነው፤ ልጅም አልነበራቸውም።

«ወይዘሮ ሞንደር» አላት። «ኬላው ተነሣ ሲሉ ሰምቼ ነበር። ደግሞ እዚህ ድረስ ሊያስከፍሉ መጡ?»

«ልለምን ነው የመጣሁት አቶ ላስኮም።»

«መለመን ያውቃሉ?»

«አላውቅም። ካበላሸሁት ይታገሡኝ» አለችና ጥቅሉን ሰጠችው።

ጊዲዮን ቢላዋውን አስቀምጦ ጓንቱን አጠለቀው። ልክክ አለለት። እጁን ገለበጠው፣ ጣቶቹን አጠፈ፣ ዘረጋ። «እጄን ማን ለካልዎት?»

«ማን ይለካዋል? ሠላሳ አንድ ዓመት ሳንቲም ሲሰጡኝ አይቼው የለ እንዴ!»

ቲርዛ ትንሽ ፈገግ ይላል ብላ ነበር። እሱ ግን ጓንቱን ቀስ ብሎ አወለቀና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «እጄንስ ያውቁታል» አለ። «እስቲ ይምጡ። እዚህ መስኮቱ ጋ ይቁሙ። ምን ይታይዎታል?»

«ቤቴ።»

«የቤትዎ ጀርባ። ኬዛያ ስትታመም አልጋዋን ከፎቅ አውርጄ እዚህ መስኮት ሥር ዘረጋሁላት፤ ብርሃን እንድታይ ብዬ። ስድስት ሳምንት ተኛች። ስድስት ሳምንት ሙሉ ያየችው ያንን ግንብ ነው።» ጣቱን ወደ ላይኛው መንደር ቀሰረ። «ሐኪሙ የሚመጣው ከላይኛው መንደር ስለሆነ በኔ መታጠፊያ ነው የሚገባው፤ ኬላዎ ጋ አይደርስም። ኬላዎ ጋ ያልደረሰ ሰው ደግሞ እርስዎ ዘንድ አልተወለደም። ኬዛያ ግን ‹ቲርዛ ታውቃለች› ትለኝ ነበር። ‹እሷ የማታውቀው ነገር አለ? ጋሪ በዝቶባት ነው እንጂ ትመጣለች› ትለኝ ነበር።»

ቲርዛ ፊቷን ከመስኮቱ አዞረች።

«ከዚያ ሬሳዋን ይዘን ወጣን» አለ ጊዲዮን፤ አሁን እርስዎ ማለቱንም ረስቶታል። «ቤተክርስቲያኑ ከኬላሽ ወዲያ አይደል? መጣን። መዝጊያውን ወለል አድርገሽ ከፈትሽልን፤ እሱን አልክድም። ከዚያ ያን መስኮትሽን ከፍተሽ ምን አልሽኝ?»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ቲርዛ ያን ቀን ያለችውን አስታውሳው አታውቅም ነበር። አሁን ግን በገዛ ድምፅዋ፣ ልክ እንዳለችው፣ ጆሮዋ ላይ መጣባት።

«ማን ነው?» አለች በቀስታ።

«ማን ነው አልሽኝ። እኔን ጠየቅሽኝ። ባርኔጣዬን በእጄ ይዤ ከሣጥኑ ኋላ ስሄድ። አራት መቶ እርምጃ ከሷ ርቀሽ እየኖርሽ።»

እሳት ላይ የተጣደው ድስት ክዳን እየተንቀጠቀጠ ውኃው ገነፈለ፤ ሁለቱም አላዩትም። ቲርዛ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ስታለቅስ የድንቹን ልጣጭ ነበር የምታየው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለች እሷ ናት፤ የሩቁን አገር ጉዳይ ስትለቅም አፍንጫዋ ሥር ያለችው ሴት ሞታለች። ኬዛያን ትወዳት ነበር። እሑድ እሑድ ስታልፍ ሁልጊዜ ቆም ብላ የምታወራት፣ ችኮላ የማታውቅ ሴት ነበረች። እሑድ ሳትመጣ ስትቀርስ? አንድ እሑድ፣ ሁለት እሑድ፣ ስድስት እሑድ ቀርታ ለምን ብላ አልጠየቀችም። የሚያልፈውን ነው እንጂ ያላለፈውን ቆጥራ አታውቅም።

«እኔ እኮ ስለ ስንዴው መስሎኝ ነበር» አለች።

«የቱ ስንዴ?» አለ ጊዲዮን፤ ከዚያ ትዝ አለው። «እሱንማ እኔው ነኝ ያበላሸሁት። ኬዛያ ሦስት ቀን ስቃብኛለች።»

«ይቅር በለኝ ጊዲዮን።»

ጊዲዮን ወደ ምድጃው ዞረ። ድስቱን አነሣና ሌላ ቦታ አኖረው፤ ያኖረበትም የድስት ቦታ አልነበረም፤ መልሶ አነሣው። ቲርዛ ዓይኗን በሻሽዋ ጠርጋ ወጣች። መስኩን አቋርጣ ቤቷ ገብታ፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ መርፌዋን አንስታ ክሩን ካስገባች በኋላ ነው ስለ ቤቱ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ መመለሷ የገባት። ተመልሳ ለመሄድ አልደፈረችም። በምን ፊቷ?

ስለዚህ ዕቃዋን ማሰር ጀመረች። ሳምንቱ እንዳለቀ ጧት፣ ጊዲዮን ላስኮም ከግንበኛ ጋር በመንገዱ ሲመጣ በግራው መስኮት አየችው። ጋሪው ላይ መዶሻና ዲጅኖ አለ። እንግዲህ ደረሰ አለች። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የእሑድ ጫማዋን አደረገች፤ ሲያፈርሱብኝ ቢያንስ በደንብ ተጫምቼ ይሁን ብላ ነው መሰለኝ። ከዚያ ወንበሯ ላይ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ውጪ ቢሏት ልትወጣ፣ ባይሏት ደግሞ ጣሪያው እላይዋ ላይ እስኪመጣ ላትነቃነቅ ቆርጣለች።

ሰዎቹ በበሩ አላንኳኩም። በቤቱ ሆድ አልፈው ዞሩ። ብዙም ሳይቆይ ከኋላዋ፣ ከመኝታዋ በኩል፣ ዱም! አለ። ዱም! የኤይሞስ ፎቶግራፍ ከሚስማሩ ወደቀ። ግንበኛው «ኧረ ጌታዬ፣ ይህ ግንብ የንጉሥ ምሽግ ነው እንዴ?» ሲል ይሰማታል። ዱም! ሲል ቆየና ድንጋይ መኝታ ቤቱ ወለል ላይ ተንከባለለ። ከዚያ በሠላሳ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ብርሃን ከኋላዋ መጣ። ማጅራቷ ላይ ነው የተሰማት፤ ጥላዋም ፊት ለፊቷ በሩ ላይ ሲያርፍ አየችው።

ተነሥታ ሮጣ ገባች። በግንቡ ቀዳዳ የጊዲዮን ራስ ብቅ ብሏል፤ ቅንድቡ ሳይቀር በኖራ ነጥቷል።

«አንተ ሰው፣ ቤቴን ከነነፍሴ ልታፈርሰው ነው?» አለችው።

«ቤትሽ አይደለም። ትናንት ፈርሜ ገዝቼዋለሁ። ኪራዩ በሳምንት አንድ ሺልንግ ነው።» አቧራ ገብቶበት አሳለ። «መስኮቱ በነፃ ነው። ቁመቱ ይሄ ይብቃ ወይስ ዝቅ ይበል? ተቀምጠሽ እንድታዪ ነው።»

ቲርዛ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ዝቅ ይበል ብላ አሳየችው። ጊዲዮን ለግንበኛው «አንድ ድንጋይ ዝቅ» አለው።

የጓሮው መስኮት እንደፊቶቹ አይደለም። አናቱ አልሾለም፣ ጌታ አያየውም፤ አራት መስታወት ያለው ተራ መስኮት ነው። ሁለተኛ ወንበር ሥሩ አደረገች። አሁን በማለዳ ተነሥታ ገና ጋሪ ሳይወጣ እዚያ ትቀመጣለች። መስታወቱ በገባ በማግስቱም እንደዚሁ ተቀምጣ የጊዲዮንን በረት እያየች ነበር።

አንድ ነገር ላስታውሳችሁ፤ ላም የለመደችውን እጅ ነው የምታውቀው። የኬዛያ ላም ዕድሜዋን ሙሉ ወተቷን ያለባት ቀሚስ የለበሰ ሰው ነው። ሱሪ ያደረገ ሰው ሲመጣባት እግሯን ታነሣለች፣ ወተቷን ትይዛለች፣ ባልዲ ትደፋለች። በአገራችን ሚስት የሞተችበት ገበሬ ምን እንደሚያደርግ ሁሉም ያውቃል፤ የበረቱን በር ዘግቶ ስለሚያደርገው ግን ማንም አይቶ አያውቅም። ጊዲዮን ደግሞ ፊት ለፊቱ ያለው የኬላው ግንብ ብቻ ስለሆነ አምስት ዓመት ሙሉ በሩን ዘግቶ አያውቅም።

የበረቱ በር ተከፈተና ጊዲዮን ባልዲውን ይዞ ወጣ። አበባ አበባ ያለው የኬዛያ ሽርጥ ወገቡ ላይ ታጥቋል። ዳንቴል የዞረው የኬዛያ ቆብ ራሱ ላይ ነው፤ ሪባኑ ከጺሙ ሥር በትልቁ ተቋጥሯል። ያም አልበቃ ብሎት ያዜማል። መሀል ግቢ ሲደርስ ቀና አለና አዲሱን መስኮት አየ፤ በመስኮቱም ውስጥ ቲርዛ ሞንደርን አየ።

ዜማው ቆመ። እጁ ወደ ቆቡ ሄደ፤ ቋጠሮው እንቢ አለው። ፊቱ ሲቀላ ከዚያ ርቀት ይታያል። ቲርዛ ሳቁ ሊገድላት ነው፤ ከንፈሯን ነክሳ ያዘችው። ከዚያ ለማንኛውም መንገደኛ እንደምታደርገው እጇን ብድግ አደረገችለት። ጊዲዮን ባልዲውን ወደ ግራ እጁ አዛወረና እሱም ቀኝ እጁን አነሣ። ከነቆቡ ቤቱ ገባ።

በዚያው ጧት የኢኖክ ታፐር ጋሪ መጣ። መዝጊያ የለም፤ ፈረሱ ግን ሃያ ዓመት እዚያ መቆም ለምዷልና ሳይነግሩት ቆመ። ኢኖክ በበሩ አንገቱን አስገባ። «እሺ እማማ! አሁንስ በአራቱም ማዕዘን ታያለሽ አሉ። ከጓሮ በኩል ምን ታየ?»

እናንተ ቲርዛ ብትሆኑስ? እንዲህ ያለ ወሬ በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ጊዜ መጥቶላት አያውቅም። ለአንድ ክረምት መንደሩን በሙሉ የሚያሞቅ ወሬ ነው! ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ ቆቡ፣ ዳንቴሉ፣ ሪባኑ፣ ሁሉም። ጓንቱን አነሣች፣ አስቀመጠች፣ ሁለት ጊዜ ምራቋን ዋጠች።

«ላም» አለች።

«ላም ብቻ?»

«ላም ብቻ። ምን ፈለግህ ደግሞ፣ አንበሳ?»

ኢኖክ አዝኖላት ሄደ። እማማ ሞንደር አርጅታለች፣ ከእንግዲህ ወሬ አይወጣትም ብሎ መጠጥ ቤት ተናገረ።

ቲርዛ በዚያ ቤት ሌላ አስራ አንድ ዓመት ኖረች። ፊት ለፊት ያየችውን እንደ ድሮው ለሁሉም አወራች። ቀብሯ ዕለት መንደሩ ሁሉ ወጣ፤ ከቤተክርስቲያን መልስ መጠጥ ቤት ተቀመጥንና ያዋረደችን እያንዳንዳችን የደረሰብንን አንድ በአንድ እያነሣን ሳቅን። ጊዲዮን ላስኮም፣ አሁን ሸምግሏል፣ ዝም ብሎ ሰምቶ ሰምቶ ብድግ አለ። ከዚያ ራሱ ሁሉንም ተናገረ፤ ላሟን፣ ሽርጡን፣ ቆቡን፣ ዜማውን። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን አልሳቀም።

«መስኮቱ በገባ በማግስቱ ነው ያየችኝ» አለ። «ከዚያም በየጧቱ። ዛሬ ትናገራለች፣ ነገ ትናገራለች ስል አስራ አንድ ዓመት ጠበቅኋት። ለአንድም ሰው አልተነፈሰችም።»

ኢኖክ ታፐር ኩባያውን እንደያዘ ቀርቷል።

«ላም አለችኝ እኮ» አለ። «በየሳምንቱ ጠይቄያታለሁ። በየሳምንቱ ላም አለችኝ።»

ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። እኛም አወለቅን።